ሊንክ በጅምላ አንገዛም!

«መቶ ሊንክ ግዙን፣ ጎግል ላይ አንደኛ ትወጣላችሁ» ይሉናል፣ ደብረ ታቦር ያለነውን። አንገዛም! ሊንክ ምስክርነት ነው፤ የጎግል መሥራቾች እ.ኤ.አ. በ1998 ይዘውት የተነሡት ሐሳብ ይኸው ነበር። የቁማር ድረ ገጽ ስለ ጉና ተራራ ምን አይቶ ይመሰክራል? ጎግልም እ.ኤ.አ. በ2012 «ፔንግዊን» ባለው ማሻሻያ በሐሰት ምስክር የወጡትን ቁልቁል አወረዳቸው፤ ዛሬ ደግሞ የደረሰበትን የተገዛ ሊንክ ከቁጥር አያስገባውም። ገንዘባችሁ ግን አይመለስም።

ጋፋት እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። የአልጋ ዋጋ ብቻ ለለጠፈ ሆቴል ማን ሊንክ ይሰጠዋል? የጋፋትን መንገድ፣ ፎቶውን፣ የባጃጁን ሒሳብ አስቀምጡ፤ አስጎብኚውም ተማሪውም ሳይከፈለው ወደ እናንተ ይጠቁማል። ሒሳቡን ባጃጆቹን እኛ እንጠይቅላችኋለን።