ክሬዲቱ ጅግጅጋ ላይ ቢሰጥ ባሕር ዳር ይሠራል?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የኮሌጅ ኮርስ ወስዶ ክሬዲት ማጠራቀም ይችላል? በአሜሪካ ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022/23 የትምህርት ዘመን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች በዚህ መንገድ ተምረዋል፡፡

እኛም ተቀራራቢውን ሞክረነዋል፡፡ የ1986ቱን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት «መሰናዶ» ተብሎ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ፡፡ አብዛኛው የዲግሪ ፕሮግራምም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፡፡ ይዘቱ ሲወርድ ግን መምህሩ፣ ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ አብረው አልወረዱም፡፡ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፡፡ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በማካካሻ (ሬሜዲያል) ፕሮግራም የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት ወደ ማስተማር ገቡ፡፡

በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፡፡ በሶማሊኛ ፊደል ቆጥሮ በእንግሊዝኛ ለሚፈተን የቶጎጫሌ፣ የአውበሬ ወይም የቀብሪ በያህ ልጅ ግን የዩኒቨርሲቲው በር አሁንም ያው አንድ ፈተና ነው፡፡ ጅግጅጋ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፡፡ ጎበዝ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እዚያ አንድ ሁለት የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶችን አስቀድመው ቢወስዱ ምን ይከለክላል?

ቅድመ ሁኔታዎች ግን አሉ፡፡ አንደኛ፣ ኮርሱን የሚያስተምረውም የሚፈትነውም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይሁን፤ አለዚያ መሰናዶን በሌላ ስም መድገም ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ተማሪን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነውና ጅግጅጋ ላይ የተገኘ ክሬዲት ባሕር ዳርም ጅማም መሥራት አለበት፡፡ ይህ በዲኖች መልካም ፈቃድ ሳይሆን በሚኒስቴሩ መመሪያ መጽናት ይኖርበታል፤ የትም የማይጠየቅበት መብት መብት አይደለምና፡፡ ሦስተኛ፣ ዕድሉ ለከተማዋ ልጆች ብቻ እንዳይሆን፡፡ ቶጎጫሌ ከጅግጅጋ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የታክሲ ሒሳብ ያለው ብቻ የሚማርበት ፕሮግራም ክፍተቱን ያሰፋዋል፡፡

መፍትሔው ክረምት ላይ ማስተማር ነው፡፡ ማደሪያ የለም እንዳይባል፣ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን በግቢያቸው እያሳደሩና እየመገቡ አስፈትነዋል፡፡ ለፈተና ያልጠበበ ግቢ ለትምህርት ሊጠብ አይገባም፡፡