መስታወቱና የቁመት ሰሌዳው

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ ጥቂት ያመሸ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ጥፍርሽን እይው፤ ነጭ ነጥብ ካለበት ዚንክ አጥሮሻል። ፊትሽን እይው፤ ከደበዘዘ ዚንክ ነው። ማበጠሪያሽን እይው፤ ፀጉር ከቀረበት አሁንም ዚንክ ነው። መካሪዋ፣ አንዳንዴም መካሪው፣ ከክብ መብራት ፊት ተቀምጣ ይህን ሁሉ በአርባ ሴኮንድ ትጨርሰዋለች። ከምክሩ ሥር ስልክ ቁጥር፣ ከስልክ ቁጥሩ ሥር ዋጋ ይከተላል። መርማሪውም፣ አዛዡም፣ ሻጩም አንድ ሰው የሆነበት ሕክምና በዚህ አገር ብዙ አልታየም፤ ምናልባት ከድሮ ክታብ ጸሐፊ በቀር።

ከጥፍሩ እንጀምር። ጥፍር ላይ ብቅ የሚለው ነጭ ነጥብ በአብዛኛው የግጭት ምልክት ነው። ጥፍሩ ገና ከሥሩ ሲበቅል በር ይገጨዋል፣ ጥርስ ይነክሰዋል፣ አለዚያም ጥፍር የምትሠራው ልጅ ሥሩን በብረት ስትገፋው ትጎዳዋለች። ነጥቡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ጥፍሩ አድጎ ሲወጣ ነው፤ እስከዚያ ባለቤቱ ግጭቱን ረስቶታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥፍሯን የምታሠራው መካሪ በገዛ ጣቷ ላይ ነጥብ ብታገኝ፣ ከማዕድን እጥረት በፊት የውበት ሳሎኑን ብትጠረጥር ይሻላታል።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ባለፈ ነበር። ግን ዚንክ የፈጠራ ነገር አይደለም፤ እጥረቱም የፈጠራ አይደለም። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ዚንክ ከሁለት እስከ ሦስት ግራም ቢሆን ነው፤ አብዛኛው በጡንቻና በአጥንት፣ ከመቶ አምስት የሚሆነው ደግሞ በቆዳ ውስጥ ይገኛል። ሕዋስ ሲከፋፈል የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህም ሕዋሳቸውን ቶሎ ቶሎ የሚያድሱት የአካል ክፍሎች፣ ማለትም ቆዳና የአንጀት የውስጥ ግድግዳ፣ ሲጎድል ቀድመው ይጎዳሉ። እጥረቱ ሲከፋ በአፍ፣ በዓይንና በመቀመጫ ዙሪያ ቆዳው ይቆስላል። በዘር የሚተላለፍ ይህን የሚያመጣ በሽታም አለ፤ እጅግ ጥቂት ሕፃናት ይዘውት ይወለዳሉ። በከፋ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃንም ቆዳው እንደ አሮጌ ቀለም ሲላላጥ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ግን ምክር ፍለጋ ቲክቶክ አይከፍትም። ሆስፒታል ነው ያለው።

ብዙውን ሰው የሚነካው መጠነኛ እጥረት ደግሞ ፊት ላይ አይነበብም። የሚነበበው በቁመት ነው፤ በሚመላለስ ተቅማጥ ነው፤ በጠፋ የምግብ ፍላጎት ነው። የደም ምርመራ እንኳ ለአንድ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም፤ በደም ውስጥ ያለው የዚንክ መጠን ከምግብ በፊትና በኋላ፣ ጠዋትና ማታ፣ ኢንፌክሽን ሲኖርና ሳይኖር ይለያያል። ምርመራው የሚያገለግለው በአንድ ሕዝብ ውስጥ እጥረቱ ምን ያህል እንደሰፋ ለመገመት ነው። ላቦራቶሪ አፉን ሞልቶ የማይናገረውን የእጅ መስታወት ይናገራል ማለት ድፍረት ነው፤ ያውም ክፍያ ያለው ድፍረት።

የዚንክ እጥረት በሰው ላይ እንዴት እንደታወቀ ብታነብ ኖሮ መካሪዋ ጥቂት ታፍር ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. በኢራኗ ሺራዝ ከተማ ለዶክተር አናንዳ ፕራሳድ አንድ ታማሚ ቀረበላቸው። ዕድሜው 21 ሲሆን መልኩ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ቆዳው ሻካራና ደረቅ ነበር፤ የሚመገበው ከሞላ ጎደል ያልቦካ የስንዴ ቂጣ ሲሆን አፈርም ይበላ ነበር። ሐኪሙ በኋላ ግብፅ ውስጥ ተመሳሳይ ወጣቶችን አጥንተው ጎድሎ የተገኘው ዚንክ መሆኑን በ1963 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ዚንክ የተሰጣቸው ወጣቶች ቁመታቸው ጨመረ። የሺራዙ ወጣት ቆዳው ሻክሮ ነበር፤ ግን ሳይንስን ያስደነገጠው ያላደገ አካሉ ነው። ስልሳ ዓመት አልፎ ያው ማዕድን አዲስ አበባ ሲደርስ ቁመቱ ተረስቶ ቆዳው ብቻ ቀረ።

የሕፃናት ቁመት የሚለካበት ሰሌዳ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር፣ ማለትም የቁመት ለዕድሜ ማነስን፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት ቃል ሲገባ ሰነዱን የሰየመው በዋግ ኽምራዋ ከተማ በሰቆጣ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ 33 የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውጤት ሲወጣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኙ። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ደረሰ፤ ከክልሎች ሁሉ የበለጠ ነበር። ዛሬ የሰቆጣ ስም በአዲስ አበባ የስብሰባ አዳራሾች ባነር ላይ ተደጋግሞ ይጻፋል፤ ከተማዋን በዓይኑ ያየው ግን ከተሰብሳቢው ስንቱ እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል።

ሰሌዳው ቀላል መሣሪያ ነው። ከሁለት ዓመት በታች የሆነው ሕፃን ተጋድሞ ይለካል፤ አንዷ ጭንቅላቱን ትይዛለች፣ ሌላዋ ጉልበቱን ቀጥ አድርጋ ተንቀሳቃሹን የእግር ጣውላ ታስጠጋለች። ሕፃኑ ያለቅሳል። ቁጥሩ ተመዝግቦ ከዕድሜው ጋር ይነጻጸራል። መብራት አያስፈልገውም፣ ማጣሪያ አያስፈልገውም፣ ስለ ፊቱ ወዝም አንዲት ቃል አይጠየቅም።

መቀንጨር የዚንክ ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ውኃው አለ፣ ድህነቱ አለ፣ የእናቲቱ ጤና አለ። ዋግ ላይ ደግሞ ጦርነቱ አለ፤ ድርቁም አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ሰሃላና ዝቋላ ወረዳዎችን የመታው ድርቅ ከብቱን ፈጅቷል። ዚንክ ግን ድርሻ አለው፤ ይህንንም ያሳዩት የራሳችን ሰዎች ናቸው። መላኩ ኡመታና ባልደረቦቻቸው በአርሲ፣ ዶዶታ ሲሬ ውስጥ ከስድስት እስከ 12 ወር የሆናቸውን 200 ሕፃናት አጥንተው ውጤቱን በ2000 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። ግማሾቹ የቀነጨሩ፣ ግማሾቹ ያልቀነጨሩ ነበሩ። ለአንዳንዶቹ በሳምንት ስድስት ቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ፣ ለሌሎቹ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ለስድስት ወር ተሰጠ። ከቀነጨሩት ውስጥ ዚንክ ያገኙት በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ሲያድጉ ማስመሰያውን የወሰዱት 2.8 ብቻ አደጉ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ተከታይ ጥናቶች ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም፤ ያ ማለት ግን የአርሲዎቹ ሕፃናት ያደጉትን ሴንቲ ሜትር ይመልሱ ማለት አይደለም። መካሪዋ ስለ ዚንክ ለመናገር ማስረጃ ካማራት ይኸውላት። ፊት የሚባል ቃል የለበትም።

እጥረቱ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከመሶቡ ሩቅ አይደለም። ማሽላውም፣ ገብሱም፣ ጤፉም ዚንክ አላቸው፤ ነገር ግን በእህሉ ቅርፊት ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ማዕድኑን አስሮ አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ እናቶቻችን ሳይንሱን ሳያውቁ የሠሩት ትልቅ ሥራ ይኸው ነው። ቂጣ፣ ቆሎና በሶ ግን አይቦኩም። መሬቱም የራሱ ጉድለት አለው። በአገር ደረጃ የተሠራው የአፈር ካርታ በብዙ ወረዳዎች ዚንክ ማነሱን አሳይቷል፤ ከማዳበሪያ ዓይነቶች አንዱ ዚንክ የተጨመረበት የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳውድ ጋሹና ባልደረቦቻቸው በ2021 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት እንዳሳዩት አንድ ዓይነት እህል የሚይዘው ማዕድን እንደበቀለበት ስፍራ በእጅጉ ይለያያል። ያንኑ ጤፍ በልቶ አንዱ የሚያገኘውን ሌላው ላያገኝ ይችላል።

ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው ዚንክ ያለው በሥጋ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የአበርገሌ ፍየል ትመጣለች። በስሟ የምትታወቅ ዝርያ ናት፤ ዋግም የፍየል አገር ነው። ፍየሏን የሚጠብቀው ልጅ ግን የሚበላት በዓመት በዓል ነው፤ ፍየል ለቤተሰቡ ባንክ ናት፤ እህልና ጨው፣ ልብስና ሕክምና የሚገኘው እሷ ገበያ ስትወጣ ነው። የጾሙም ነገር አለ። ሕፃን እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታዝዝም፤ ሆኖም ቤቱ ሁሉ ጾመኛ ሲሆን ለአንድ ሕፃን ተብሎ ለብቻ እንቁላል የሚጠበስበት ድስት ስንት ቤት አለ? በ2022 እ.ኤ.አ. የስንዴ ዱቄት በዚንክና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ ግዴታ ሲደረግም ግዴታው የፋብሪካ ዱቄትን ነው የያዘው። የራሷን ማሽላ ተሸክማ ወፍጮ ቤት የምትሄደው እናት ጋ አይደርስም።

እንግዲህ ፍየሏ ወደ ገበያ ስትወጣ፣ እንክብሉ ወደ ማን ይሄዳል? ክትፎና ጥብስ ከገበታው ወደማይጠፋው፣ በክብ መብራት ፊት ወደምትቀመጠው። ሰውነት ደግሞ ለዚንክ ጎተራ የለውም፤ እንደ ቫይታሚን ኤ በጉበት አያከማችም። ለጎልማሳ ሴት በቀን ስምንት፣ ለወንድ 11 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ከ40 በላይ እንዳይወሰድ ይመከራል። ገበያ ላይ ያለው እንክብል ግን ብዙ ጊዜ 50 ነው። ለረጅም ጊዜ ከልክ በላይ ሲወሰድ መዳብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ውጤቱ የደም ማነስ፣ ሲከፋም የነርቭ ጉዳት ነው። ደም ያነሰው ፊት ደግሞ ይገረጣል። ያን ጊዜ መካሪዋ የሚጎድለው ሌላ ማዕድን እንደሆነ የምትነግርበትን ሌላ አርባ ሴኮንድ ታዘጋጃለች።

ለብጉር ዚንክ ተሞክሯል፤ ትንሽ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ዚንክ ኦክሳይድም ለሕፃን መቀመጫ ሽፍታ ጥሩ ነው፤ ሮዝ ቀለም ያለው ካላሚን ሎሽን የእሱ ዘመድ ነው። ይህን ማንም አልካደም። የተካደው የቆዳ ሐኪሙ ነው፤ የሚመረምር፣ የሚጠይቅ፣ አንዳንዴም ምንም አያስፈልግሽም ብሎ የሚያሰናብት። እንዲህ የሚል ሰው ቲክቶክ ላይ ተመልካች አያገኝም።

ዚንክ በትክክል የሚታዘዝበት ቦታም አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከኦ አር ኤስ ጋር በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከአሥር እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ አሳሰቡ፤ ከስድስት ወር በታች ለሆነው ግማሹ። ትንሿ ኪኒን በማንኪያ ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት ትሟሟለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይህንኑ ታስተምራለች። ከባዱ ሥራ ኪኒኗን ማስጀመር አይደለም። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ይቆማል፤ ሕፃኑ ይስቃል፤ እናት ቀሪዎቹን ኪኒኖች ለሚቀጥለው ሕመም ብላ በመሐረብ ቋጥራ ታስቀምጣለች። ሠራተኛዋ ዳገቱን እንደገና ወጥታ፣ ጤነኛ ለሚመስል ልጅ መድኃኒት ለምን እንደሚሰጥ ማስረዳት አለባት። እስከ አሥረኛው ቀን ስጪው ለማለት አርባ ሴኮንድ ይተርፋል። እስካሁን ያን ሴኮንድ የቀረጸ አልተገኘም፤ በአሥረኛው ቀን ፎቶ የሚነሳ ነገር የለማ።