የአራት ወር ደመወዝ ለአንድ ታብሌት

የረመዷን አጋማሽ ካለፈ በኋላ በብዙዎቻችን ቤት ስልክ ይበዛል። ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ከኢፍጧር በኋላ ይደውሉና «ለዒድ ምን ልላክላችሁ?» ይላሉ። ድሮ መልሱ ቀላል ነበር። ለእናት ሻርፕና ሽቶ፣ ለአባት ጀለቢያ፣ ለልጆች ልብስና ጫማ። አሁን ልጆቹ ከእኛ ቀድመው ስልኩን ይይዙና «ታብሌት!» ይላሉ። እሱም ዝም ብሎ ታብሌት አይደለም፤ ስሙን፣ የስክሪኑን ስፋት፣ ቀለሙን ሳይቀር ያውቁታል።

በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ጂዳ ያለችው እህታችን ባለፈው ሳምንት በኢሞ ስትደውል የስምንተኛ ክፍሏ ልጃችን «አክስቴ፣ አይፓድ ፕሮ» አለቻት። አክስቷም ሳታመነታ «ኢንሻአላህ፣ የኔ ቆንጆ» አለች። እኛ ባልና ሚስት ተያየን። በልጆቹ ፊት ምንም አላልንም። ሌሊት ለሱሑር ስንነሳ ግን እርሳስና ወረቀት አውጥተን ሒሳብ መሥራት ጀመርን።

ባለ 11 ኢንቹ አይፓድ ፕሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ በአሜሪካ መነሻ ዋጋው 999 ዶላር ነበር፤ በ2025 የመጣው ተተኪውም የጀመረው በዚያው ዋጋ ነው። ባለ 13 ኢንቹ 1,299 ዶላር ነው። የሳዑዲ ሪያል ለብዙ ዓመታት ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ የቆየ ስለሆነ ስሌቱ አያስቸግርም፦ ወደ 3,750 ሪያል ይመጣል። ሳዑዲ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ እሱ ሲጨመር ወደ 4,300 ሪያል ይጠጋል። የመደብሩ ዋጋ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ብቻ እህታችን በሰው ቤት ሠርታ በወር የምታገኘው ከ1,000 ሪያል ብዙም አይርቅም። የምትበላውን፣ ለስልኳ የምትሞላውን፣ ለእናታችን መድኃኒት የምትልከውን ሁሉ ትተን ብናሰላው እንኳ ከአራት ወር በላይ ደመወዟ ነው። እርሳሱ ለብቻው 129 ዶላር፣ የቁልፍ ሰሌዳው ደግሞ 299 ዶላር ነው። እነዚህን አልደመርንም።

በብር ልናሰላው አሰብንና ተውነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላሩ ምንዛሪ ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሱሑር ላይ እንዲህ ያለውን ቁጥር ማየት ምግብ ይዘጋል።

ዋጋው ውድ መሆኑ ብቻውን ግን መልስ አይሆንም። ውድ ሆኖ የሚያዋጣ ዕቃ አለ። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅን፦ በእኛ ቤት ታብሌት በየቀኑ የሚሠራው ምንድን ነው?

አንደኛው ተጠቃሚ ሒፍዝ የጀመረው ወንዱ ልጃችን ነው። አንዱን አንቀጽ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደጋግሞ ያዳምጣል። ኡስታዙ ጥብቅ ሰው ናቸው፤ ከአንድ ዓይነት ሙስሐፍ ውጭ እንዲይዝ አይፈቅዱለትም። የሚሐፍዝ ልጅ ቃሉን ብቻ ሳይሆን በገጹ ላይ ያለበትንም ቦታ ስለሚይዝ ነው። ባለ 604 ገጹን የመዲና ሙስሐፍ፣ በየገጹ 15 መስመር ያለውን፣ እንዳለ የሚያሳዩ አፖች አሉ። እነዚህ አፖች በ220 ዶላሩ ታብሌትም በ999 ዶላሩም ላይ ያው ናቸው። ገጹ ያው፣ መስመሩ ያው፣ የቃሪኡ ድምፅ ያው። ውዱ ታብሌት ስክሪኑ በሰከንድ 120 ጊዜ ስለሚታደስ ገጽ ሲገለጥ ውኃ ይመስላል። ልጃችን ግን ገጽ የሚገልጠው በሁለት ቀን አንዴ ነው። ያንንም ኡስታዙ ካለፉለት።

ሁለተኛዋ ልጃችን ናት። የመማሪያ መጽሐፎቿን በፒዲኤፍ ታነባለች፣ የሒሳብ ማብራሪያ በቪዲዮ ታያለች፣ የቡድን ሥራ በቴሌግራም ትቀባበላለች። ቪዲዮው ሲቆም የሚቆመው ታብሌቱ ደክሞ አይደለም፤ የኢንተርኔት ፓኬጁ አልቆ ወይም መብራት ጠፍቶ ነው። በ999 ዶላሩ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር በትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ከሚገባው ጋር አንድ ዘር ነው፤ የኛን ፓኬጅ ግን ማፍጠን አይችልም።

ሦስተኛዋ እናታችን ናቸው። ከዐስር በኋላ ተቀምጠው ጂዳ ካለችው ልጃቸው ጋር በኢሞ ይነጋገራሉ። ለሳቸው የሚያስፈልገው ፊቷ ሰፋ ብሎ እንዲታይና ድምፁ ከፍ እንዲል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ስናይ ገረመን። ርካሹ አይፓድ (እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በ349 ዶላር የወጣው ማለታችን ነው) የፊት ካሜራው ልክ እንደ ውዱ በረጅሙ ጎን ላይ ነው ያለው። በጎኑ አስደግፈው ሲያወሩ ዓይን ወደ ጥግ አይሸሽም። በክብደትም ቢሆን ባለ 11 ኢንቹ ፕሮ 444 ግራም፣ ርካሹ 477 ግራም ነው። ልዩነቱ የሦስት አራት ተምር ያህል ነው።

አራተኛው ትንሹ ነው። እሱ ካርቱን ያያል፤ አንዳንዴም ስክሪኑን ይልሳል። ስለ እሱ ብዙ አንጽፍም።

ውዱ ዕቃ ጥቅም የለውም ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልን። ጎረቤታችን አንድ ወጣት አለ፤ ለሠርግ ካርዶችና ለሱቆች ማስታወቂያ ዲዛይን እየሠራ ቤተሰቡን ያግዛል። እሱ ጋ ሄደን ጠየቅነው። የሁለቱን ልዩነት በደንብ አስረዳን። በርካሹ ላይ በመስታወቱና በምስሉ መካከል ቀጭን ክፍተት አለ፤ እርሳሱ የሚነካውና መስመሩ የሚወጣበት ቦታ ትንሽ ይለያያል፣ ብርሃንም ያንጸባርቃል። አዲሱን ፕሮ እርሳስ ርካሹ አይቀበለውም። ጥቁሩ ጥቁር፣ ቀለሙም የታየው ቀለም ሆኖ እንዲወጣለት የፕሮው ስክሪን ያስፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ የሚሥል፣ ቪዲዮ የሚቆርጥ፣ በዚያም የሚከፈለው ሰው ዋጋውን ከሥራው ያወጣዋል። ሳምሰንግም እንደዚያው ነው፦ 14.6 ኢንቹ ትልቁ ኤስ10 አልትራ በ1,200 ዶላር ገደማ ነው የወጣው፤ እርሳሱ አብሮት ይመጣል፤ የሰባት ዓመት የሥርዓት ማሻሻያም ቃል ተገብቶለታል። የእጅ ሥራ መሣሪያ ነው። ለቤታችን ግን የልብስ ሰፊ መኪና ገዝቶ ቁልፍ ብቻ እንደ መትከል ይሆንብናል።

ከዚህ ደግሞ በሌላው ጫፍ መውደቅ አለ። እኛ ወድቀናል። የዛሬ ሁለት ዓመት መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ስሙን ሰምተነው የማናውቀውን ታብሌት በርካሽ ገዛን። ካርቶኑ ላይ 10 ኢንች፣ 256 ጊጋ ይላል፤ ስንከፍተውም ራሱ ታብሌቱ 256 ጊጋ ብሎ ያሳያል። ሠላሳ ጊጋ እንኳ ሳንሞላ «ቦታ የለም» ማለት ጀመረ። ካርቶኑ ላይ ያለውም ታብሌቱ ውስጥ የሚታየውም ቁጥር የውሸት ነበር። በአምስተኛው ወር ባትሪው አብጦ ጀርባውን ከፈተው፤ ልጆቹ እጃቸው ላይ እያለ ባለመሆኑ አልሐምዱሊላህ አልን። ሱቁ ስንመለስ ሻጩ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀን። ስለዚህ ርካሽ ስንል የታወቀ ድርጅት የሠራውን፣ ማሻሻያ የሚደርሰውን ርካሽ ማለታችን ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ርካሹ አይፓድ በ2024 የመጣውን አዲስ ሥርዓት ተቀብሏል። አምስት ዓመት ለልጆች ዕቃ ረጅም ዕድሜ ነው።

አንድ ዘመዳችን ቤት ያየነውንም እናንሳ፤ በረመዷን ሐሜት አይሁንብንና ማንነታቸውን አንናገርም። ከዱባይ ትልቁ ታብሌት መጣላቸው። መጀመሪያ ከቨር እስኪገዛለት ተባለ። ከዚያ የስክሪን መከላከያ እስኪገኝለት ተባለ። ከዚያ ቡፌው ውስጥ፣ ከቻይና ሲኒዎቹ ጎን ተቀመጠ፤ ፓስወርዱን የሚያውቁት አባት ብቻ ናቸው። ልጆቹ ዛሬም የሚያጠኑት በእናታቸው በተሰነጠቀ ስልክ ነው። አባትየው ስስታም ስለሆኑ አይደለም፤ ፈርተው ነው። ፍርሃታቸውም እውነት አለው። ባለ 13 ኢንቹ ፕሮ ውፍረቱ 5.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሽ ልጅ ቢቀመጥበት ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። አፕል እዚህ አገር የራሱ መደብር የለውም፤ ስክሪኑ ቢሰበር ዕቃውን ከውጭ አምጪ ፍለጋ ነው። እናም ዕቃው በተወደደ ቁጥር ከልጆች እጅ ይርቃል፤ የተገዛው ግን ለልጆች ነበር።

«ልጆቻችን ከሰው ልጅ እኩል ይሁኑ» የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ እኛም ውስጥ አለ። ልጃችን አይፓድ ፕሮን ከየት አመጣችው? ክፍሏ ውስጥ አንዲት ልጅ አላት። ይህን ቀላል አድርገን አንመለከተውም፤ በዚያ ዕድሜ ማነስ ያማል። ነገር ግን በዚሁ ወር፣ ኢፍጧር ላይ ግማሹን ነክሰው ለተዉት ሳምቡሳ «ኢስራፍ ነው» እያልን እንቆጣቸዋለን። ለሳምቡሳው ተቆጥተን በአክስታቸው የአራት ወር ላብ ላይ ዝም ብንል ልጆቹ ራሳቸው ይታዘቡናል።

የከበደን ሌላ ነው። ለእህታችን እንዴት ይነገራል? ሰው ቤት እየሠራች ስድስት ዓመት የቆየች ሴት «ላክሁላቸው» ማለት ኩራቷ ነው። «አትላኪ» ስንላት «አንቺ አትችይም» ብለን እንደነገርናት ቆጥራ ብታዝንስ? ሁለት ቀን ይህን ስናመላልስ ቆየን። በሦስተኛው፣ ከተራዊሕ በኋላ፣ ልጆቹ ሲተኙ ደወልንላት። ሒሳቡን አልነገርናትም። «ፕሮው ለዲዛይን ሠራተኛ ነው፤ ለሒፍዙ የሚሻለው ሌላ ነው» ብለን ጀመርን።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ የነገረችን ነገር አስደነገጠን፤ ገንዘቡን ከማዳሟ በብድር ልትጠይቅ አስባ ነበር። ብድሩን ከፍላ እስክትጨርስ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ያሰበችው ወደ አገር መምጣቷ ሊራዘም ነው። «እናንተ ብላችሁ እኮ እምቢ ማለት ያሳፍረኝ ነበር» አለችን። እኛ እሷ እንዳታፍር ተጨንቀን፣ እሷም እኛ እንዳናፍር ተጨንቃ፣ በመካከላችን አንድ ታብሌት የሰው ዓመት ሊወስድ ነበር።

የወሰንነው ይኸውና። የሳምሰንግ ኤ9 ፕላስን መረጥን። በአሜሪካ የወጣው በ220 ዶላር ገደማ ነው፤ በቀደመው ስሌት ከነታክሱ ወደ 950 ሪያል ይመጣል። ስክሪኑ 11 ኢንች ነው፤ የሙስሐፉ ገጽ ሙሉውን ይታይበታል። ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል፤ የቲላዋ ድምፆቹና የትምህርት ቪዲዮዎቹ አንዴ ከተጫኑ ፓኬጅ አይጠብቁም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም አለው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ውዱ ፕሮ ግን የለውም። ወንዱ ልጃችን ማዳመጫ የሚጨርስ ልጅ ነው፤ ባለ ገመዱ ርካሽ ማዳመጫ ደግሞ በየሱቁ አለ። ጉድለት የለውም አንልም። የሳምሰንጉን እርሳስ አይቀበልም፣ ብዙ አፕ አንድ ላይ ሲከፈትበትም ይዘገያል። አቅም ያለው ሰው ባለ 349 ዶላሩን አይፓድ ቢወስድ አንከራከረውም፤ ለሥዕል የምታደላ ልጅ ያለችው ደግሞ ያንኑ ቢወስድ ይሻለዋል። የዋጋውን ግማሽ እኛ እንሸፍናለን ብለናል። እህታችን በዚህ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቀች፤ በመጨረሻ «እሺ፣ ግን ከቨሩ በእኔ» ብላ ተስማማች።

ለልጃችን የነገርናት በማግስቱ ነው። የአክስቷን ብድር ነገር አልደበቅናትም፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ትችላለች ብለን። ምንም ሳትመልስ ወደ ክፍሏ ገባች። ኢፍጧር ላይም ብዙ አላወራችም። በሁለተኛው ቀን ምሽት ሾርባ እየቀዳች ሳታየን «ብርማ ቀለም አለው?» ብላ ጠየቀች። አለው አልናት።