ልጁን የሚጠብቅ መሣሪያ

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሳተላይት ትምህርት ይሰጥ ጀመር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ያልፋል፤ ያልገባው ተማሪ ቢኖርም መምህሩ ሥርጭቱን ሊያስቆመው አይችልም ነበር። በመድረሳ ግን ኡስታዙ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያዳምጣል፤ ያልያዘውን ሳያስደግም ወደሚቀጥለው አያሳልፈውም።

ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ ለዚህ ያግዛል። እኛ የደብረ ወርቅ መምህራን ትምህርቱን በአማርኛ በድምፅ ብንቀዳው፣ ቶሎ የማይገባው ልጅ ደጋግሞ ይሰማዋል፤ ዓይነ ስውሩም ያዳምጠዋል። መስማት ለተሳነው ደግሞ በጽሑፍና በሥዕል እናዘጋጅለት። ቅጂው ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል።

ወላጆች ሆይ! ማታ ማታ ስልካችሁን ለግማሽ ሰዓት ለልጆቻችሁ አውሷቸው፤ አጠገባቸውም ተቀመጡ።