በፊታቸው የሚወድቅ አስተማሪ

በዚህ ወር የምናቀርብላችሁ ጨዋታ ከቡሬ የመጣ ነው። በዚያ አገር በዕድሜ የገፉ፥ በሠፈሩ ሁሉ የተከበሩ፥ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕርግ ያበቁ አንዲት እናት አሉ። አንድ የልጅ ልጃቸው በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ግዛት ይኖራል። ወጣቱ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፥ በዚያ አገር የብርድ ወራት ሕፃናትን በበረዶ ላይ መንሸራተት እያስተማረ ይተዳደራል። ጎረቤት «የልጅ ልጅዎ ምን ሠራ?» ብሎ በጠየቃቸው ቁጥር እኒህ እናት መልስ ያጣሉ። «ሐኪም ነው» ቢሉ ሐሰት ይሆናል፤ «በበረዶ ላይ ይንሸራተታል» ቢሉ ሰው ይሥቃል። ስለዚህ «ደኅና ነው፥ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሳሉ።

ባለፈው ጥር ደግሞ የጎረቤት ልጅ በእጅ ስልኳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳየቻቸው። የልጅ ልጃቸው በሰባት ሕፃናት ፊት ቆሞ፥ ማንም ሳይገፋው፥ ሆን ብሎ ዘፍ ብሎ ይወድቃል፤ ሕፃናቱም በሣቅ ይፈርሳሉ። እናቲቱ ስልኩን መልሰው፥ «ልጄ ሰው አገር ሄዶ የልጆች መሣቂያ ሆነ» ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ሲደውልላቸው ቃላቸው አጭር ሆነ፤ ዘወትር የሚያወርዱለትን ምርቃትም ቀነሱበት። ወጣቱ የአያቱ ፊት እንደ ተለወጠበት ባወቀ ጊዜ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ላከ። ደብዳቤውን ያነበብንላቸው እኛ ስለ ሆንን፥ በእርሳቸው ፈቃድ ነገሩን ለእናንተ እናካፍላለን።

አስቀድመን ስለ በረዶ ጥቂት እንናገር። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር በረዶ ማለት፥ በክረምት ከነጎድጓድ ጋር እየተወረወረ የሚወርድ፥ በቆሎውንና ገብሱን የሚመታ ጠጣር ነገር ነው። ይህ በረዶ የውኃ ጠብታ በደመናው ውስጥ በነፋስ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች እየተናጠ፥ በላዩ ላይ ሌላ ውኃ እየረጋበት የሚሠራ ስለ ሆነ እንደ ጠጠር ይጠነክራል። ባላገሩ ያዝንበታል፤ ሕፃናት ግን በጣሳ ይለቅሙታል። ያ ወጣት የሚሠራበት በረዶ ሌላ ነው። እርሱ አባቶቻችን አመዳይ ያሉት፥ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ስሙን የሚያውቀው፥ ብዙዎቻችን ግን በዓይናችን ያላየነው ነው። በደመና ውስጥ ያለው እንፋሎት ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጥቃቅን ባለ ስድስት ማዕዘን ቅንጣት ይለወጥና፥ ድምፅ ሳያሰማ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በሌሊት ወርዶ ሲያድር፥ ጧት ምድሩ ሁሉ የጤፍ ዱቄት የተነፋበት ሰፌድ ይመስላል።

«ታዲያ ተራራችን ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ ስለ ምን አይቀመጥም?» ብለው እናቲቱ ጠይቀውናል። በእርግጥ ጮቄ ከ4,000 ሜትር፥ ራስ ዳሸንም ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ በራስ ዳሸን ራስ ላይም አንዳንድ ጊዜ ነጭ አመዳይ ይታያል። ነገር ግን አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ታቀልጠዋለች። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግን በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ተቀምጦ እንደ ነበረ፥ ግግሩ እየገፋ ከተዋቸው ድንጋዮች ሊቃውንት አረጋግጠዋል። በኮሎራዶ ዛሬም ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ተራራው በነጭ ተሸፍኖ ይቆያል። እኛ እህል ስንወቃ እነርሱ በብርድ ውስጥ ናቸው።

ወጣቱ የሚያስተምርበት መሣሪያ ስኖውቦርድ ይባላል፤ የበረዶ ሳንቃ ማለት ነው። ስኪ የሚባለው ለእያንዳንዱ እግር የየራሱ ቀጭን ሳንቃ ሲኖረው፥ ይህ ግን ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን የሚታሰሩበት አንድ ሰፊ ሳንቃ ነው። አጀማመሩ ቤተሰብን የሚመለከት ስለ ሆነ እንጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1965 በእነርሱ የገና ቀን፥ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት የሚኖር ሸርማን ፖፐን የተባለ መሐንዲስ፥ ለሁለት ሴቶች ልጆቹ መጫወቻ ይሆን ዘንድ ሁለት ስኪዎችን አጣምሮ አሰረላቸው። ልጆቹ በላዩ ቆመው ከቤታቸው አጠገብ ካለው ኮረብታ ወረዱ። የጎረቤት ልጆችም ሁሉ «ለእኛም ይሠራልን» አሉ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 ጄክ በርተን ካርፔንተር በቨርሞንት ግዛት የበረዶ ሳንቃ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ብዙዎቹ የስኪ ተራሮች ለረጅም ጊዜ «ይህ የወጠጤ ጨዋታ ነው» እያሉ ቢከለክሉትም፥ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን በናጋኖ ከኦሊምፒክ ውድድር ጋር ተቆጠረ። አንድ አባት ለልጆቹ ደስታ ያሰረው እንጨት ከዚህ ደረሰ።

እናቲቱ ግን፥ «ይህ የፈረንጅ ነው፤ የኢትዮጵያ ልጅ ከበረዶ ጋር ምን አገናኘው?» አሉ። ለዚህም መልስ አለን። በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፥ በኒው ዮርክ ግዛት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ በትምህርት ቤት ሳለ ስኪ ተማረ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የብርድ ወራት ኦሊምፒክ፥ ብቸኛው የኢትዮጵያ ተወዳዳሪ ሆኖ ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ ገባ፤ በዚህ ውድድር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. በካናዳ በቫንኩቨርም ደገመ። አገሩ በመጣ ጊዜ በረዶ ስለሌለ፥ መንኰራኵር ባለው ስኪ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። የተወዳደረበት የ15 ኪሎ ሜትር ሩጫ በሳንቃ ሳይሆን በስኪ ነው። ካለፉት ብዙዎች ኋላ ቢደርስም ሩጫውን ፈጸመ፤ ከመጀመሪያዎቹ ባለመሆኑም አላፈረም።

አሁን ወደ ወጣቱ ደብዳቤ እንመለስ። የሥራ ቀኑ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ብርዱን ይለካል፤ ልብስ በልብስ ላይ ይደርባል፤ በኪሱም አያቱ ከቡሬ የላኩለትን የገብስ ቆሎ ይጨምራል። «በነቢያት ጾም ምሳዬ እርሱ ነው፤ ዳቦ በኪስ ውስጥ በብርድ ይደርቃል፥ ቆሎ ግን ምንም አይሆንም» ይላል። ከጧቱ በሦስት ሰዓት ወላጆች ልጆቻቸውን ያመጣሉ። እርሱም የእያንዳንዱን ሕፃን ጫማ ማሰሪያ፥ ጓንትና የራስ ቁር ይመረምራል። ቀጥሎ ሕፃኑን ከኋላው በቀስታ ገፋ ያደርገዋል፤ ሳያስብ የሚያስቀድመው እግር በሳንቃው ላይም ፊት የሚሆነው እግሩ ነው። አንዱ ልጅ ግራውን፥ ሌላው ቀኙን ያስቀድማል፤ በዚህም ልጁን በተፈጥሮው ይዞ ያስተምረዋል እንጂ ሁሉን በአንድ መልክ አያስገድድም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ግን መቆም አይደለም፤ መውደቅ ነው። ጀማሪ ሁሉ ይወድቃል፤ ሲወድቅም እጁን ዘርግቶ በመዳፉ መሬቱን ሊመክት ይሞክራል። በዚህ ምክንያት ከጀማሪዎች ጉዳት ይልቅ የሚበዛው የእጅ አንጓ ስብራት ነው። ስለዚህ ወደ ፊት የሚወድቅ ጣቶቹን ጨብጦ በጉልበቱና በክንዱ እንዲያርፍ፥ ወደ ኋላ የሚወድቅ ደግሞ ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥና አገጩን ወደ ደረቱ እንዲሰበስብ ያስተምራሉ። ይህን በቃል ብቻ ቢነግሩት ሕፃን አይገባውም። አስተማሪው ራሱ በፊታቸው መውደቅ አለበት።

እናቲቱን ያስለቀሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይህ ነበር። ወጣቱ እንዲህ ሲል ያስረዳል፦ «በዚያ ቀን አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከመቀመጫዬ አልነሣም ብላ ታለቅስ ነበር። በፊቷ ተንበረከክሁ፤ ዓይኔን እንድታይ ጥቁሩን መነጽሬን አወለቅሁ። ‹ምንድን ነው የምትፈሪው?› ብላት፥ ‹ብወድቅ ይሥቁብኛል› አለችኝ። እኔም ተነሥቼ ወደቅሁ፤ ልጆቹ ሣቁብኝ። ደግሜ ወደቅሁ፤ እርሷም አብራ ሣቀች። ከዚያ በኋላ ‹አሁን ተራዬ ነው› ብላ ተነሣች። እማማ፥ ያዩት ውርደቴን አይደለም፤ ሥራዬን ነው።»

ከመውደቅ በኋላ፥ ቅጠል ከዛፍ ሲረግፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዋለለ እንደሚወርድ፥ በሳንቃው ጠርዝ እየተደገፉ በአግድመት መውረድን ይማራሉ፤ መታጠፍ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በመካከሉም አስተማሪው ንፍጥ ይጠርጋል፤ ልብስ አስወልቆ ወደ መጸዳጃ ቤት ይወስዳል፤ ጉንጫቸው በብርድ ነጥቶ እንደ ሆነ እያየ ወደ ሙቀት ያስገባቸዋል። ማታ ለእናት ለአባታቸው፥ «ዛሬ ልጅዎ ይህን ቻለች» ብሎ ያስረክባል። ይህ ሥራ ካልሆነ እንግዲህ ሥራ ምንድን ነው? በወቅት የሚሠራ መሆኑም አያስነቅፈውም፤ ከእኛ መካከል በወቅት የማይሠራ ገበሬ ማን አለ?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራን ስም የማያውቅ ደብተራ የለም። የቅኔ ተማሪም የመጀመሪያ ቅኔው በጓደኞቹ ፊት ሲነቀፍ ይሰማል፤ መምህሩ ያቃናለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። በነቀፋው አፍሮ የቀረ ግን ባለቅኔ አልሆነም። በኮሎራዶ ተራራና በጎጆ ቤት ያለው ጥበብ ለየቅል ቢሆንም፥ ሁለቱም ቦታ የሚያስፈልገው አንድ ነው፤ ስሕተት የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስተምር እንዲሆን የሚያደርግ መምህር።

ስለ አንድ ነገር ግን ወጣቱን እንገሥጻለን። በደብዳቤው መጨረሻ፥ ትምህርት በሌለበት ቀን፥ ሌሊት በወረደው ማንም ባልረገጠው ዱቄት በረዶ ላይ መውረድን እንደሚወድ ጽፏል። «ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፤ ክብደቴን ወደ ኋላ እግሬ ጥቂት ሳሳርፍ ሳንቃው እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ በረዶውም በክረምት ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደሚነሣው ጢስ በጎኔ ይነሣል» ይላል። መልካም ደስታ ነው፤ ነገር ግን ያው ለስላሳ በረዶ ገዳይም ነው። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ገደል ላይ ነው፤ ሰው ከሚሞትበት ናዳ አብዛኛውን የሚቀሰቅሰውም ሟቹ ራሱ ወይም ባልንጀራው ነው። የተቀበረ ሰው ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። ለመንሸራተቻ በተከለለው ተራራ ውስጥ ጠባቂዎች ከመክፈታቸው በፊት አደገኛውን በረዶ በፈንጂ ያወርዱታል፤ ከክልሉ ውጭ ግን ይህ የለም። ወጣቱ ብቻውን እንደማይሄድ፥ በየዕለቱ የሚወጣውን የናዳ ማስጠንቀቂያ እንደሚያነብ፥ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ፥ አካፋና ረጅም የመፈለጊያ ዘንግ እንደሚይዝ ገልጿል። ማስጠንቀቂያው «አደገኛ ነው» ባለበት ቀን ግን መሣሪያው ሁሉ ሰውን አያድንምና ቤት መዋልን ይልመድ። ሕፃናትን መውደቅ የሚያስተምር ሰው፥ ከማይነሡበት አወዳደቅ ራሱን መጠበቅ ይገባዋል።

ደብዳቤውን አንብበን ስንጨርስ እናቲቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ስለ ስድስት ዓመቷ ልጅ የተጻፈውን እንድንደግምላቸው ጠየቁ፤ ደገምንላቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሣቁና፥ ልጅ ሳሉ በክረምት ከቤታቸው በታች ባለው ተዳፋት በጭቃው ላይ በቅጠል ተቀምጠው ይንሸራተቱ እንደ ነበር፥ እናታቸውም ቀሚስሽን አበላሸሽ ብለው ይገርፏቸው እንደ ነበር አጫወቱን። ወዲያው የጎረቤቷን ልጅ አስጠርተው አስደወሉ። «ልጄ፥ መውደቂያህን ያለስልስልህ፤ ከናዳ ይሰውርህ። ብቻህን እንዳትሄድ አደራ። ቆሎውን ለጾሙ ቈልቼ እልክልሃለሁ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት «የልጅ ልጅዎ ምን ሠራ?» ሲላቸው ወሬ አይለውጡም። «የሕፃናት መምህር ነው» ይላሉ።