ከፕሮሰሰሩ በፊት ስክሪኑን፦ ለፎቶግራፍ ሥራ ስለሚገዛ ኮምፒዩተር

እንደሚታወቀው ኮምፒዩተር ለመግዛት ወደ መደብር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ፕሮሰሰሩ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም «ኮር አይ 7» ብሎ ይመልሳል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ዕቃው ይታሸጋል። ለጽሕፈትና ለሂሳብ ሥራ ይህ አጠያየቅ ብዙ ጉዳት የለውም። ፎቶግራፍ ለማረም፣ ለማነጻጸርና ጠብቆ ለማቆየት ለሚገዛ ኮምፒዩተር ግን መጨረሻ ሊመጣ የሚገባውን ጥያቄ ከፊት ያስቀድማል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ትክክለኛው ቅደም ተከተል ስክሪን፣ ሚሞሪ፣ ማከማቻ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ከዚያም ፕሮሰሰር ነው። ለዚህ ክርክር ምሳሌ የምናደርገው ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋማ አካባቢ ነው። ምክንያቱም በዚያ ምድር ፎቶግራፍ ከማስታወሻነት አልፎ ማስረጃ ይሆናል።

ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ

እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘልቅ የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ተጉዘዋል። ዘመኑ የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ፣ ኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ለመንገሥ የተቃረቡበት ነው። እነዚያ ፎቶግራፎች ከ140 ዓመት በኋላ ያልታሰበ ጥቅም ሰጡ። ተመራማሪዎች በተነሡበት ቦታ ላይ ዳግመኛ ቆመው ያንኑ ተራራ በማንሣት አነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናታቸው እንዳሳየው የሰሜን ኢትዮጵያ ተዳፋቶች ብዙዎቹ በ1868ም የተራቆቱ ነበሩ፤ በበርካታ ቦታዎችም የዛሬው የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋን ከያኔው የተሻለ ነው። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር፤ ዛሬ ሁሉም በረሃ ሆነ» የሚለው የተለመደ አባባል በፎቶግራፍ ተፈተነ፤ እንደተባለውም ሆኖ አልተገኘም።

ሌላም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ጣሊያኖች ኢትዮጵያን ከአውሮፕላን ያነሡባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተቀምጠው ተገኝተዋል። የመቀሌና የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ምስሎች በዲጂታል ቀድተው በኮምፒዩተር በማቀናጀት ከዛሬው ካርታ ጋር የሚገጥሙ ማድረግ ችለዋል። በእጅ ቢሠራ ዘመን የሚፈጀውን ይህን ሥራ የሚቻል ያደረገው ምስልን ከምስል ጋር የሚያዛምድ ሶፍትዌርና እርሱን የሚሸከም ኮምፒዩተር ነው።

ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚደጋገምበት፣ ተራራው በአፈር መሸርሸር የተጎዳ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ መጠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ምድር በሕዝብ ጉልበት የተሠራ እርከን ወይም ከግጦሽ የተከለለ ተራራ በእርግጥ ውጤት አምጥቷልን? ይህን ጥያቄ ከዓመት ዓመት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት የተነሣ ፎቶግራፍ በግልጽ ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ምስሉ በትክክል ካልተጠበቀና በትክክለኛ ስክሪን ላይ ካልታየ የሚሰጠን ማስረጃ ሳይሆን ግምት ነው።

የአንድ ምስል ክብደት

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ በአንድ ምስል 6,000 በ4,000፣ ማለትም 24 ሚሊዮን ነጥቦች ይመዘግባል። የካሜራው ጥሬ ፋይል በብዙ ካሜራዎች በ14 ቢት ስለሚመዘገብ በብሩህና በጨለማ መካከል 16,384 ደረጃዎችን ይለያል። የተለመደው የጄፔግ ፋይል ግን 8 ቢት በመሆኑ 256 ደረጃ ብቻ አለው። ልዩነቱን ለመረዳት ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ወደማይርቀው፣ ከዐለት ወደተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ። በሩ ላይ የሚያርፈው የደጋ ፀሐይ እጅግ ብሩህ ሲሆን የውስጡ ዐለት ጨለማ ነው። በጄፔግ የተነሣ ምስል የጨለማውን ክፍል በኋላ ለማብራት ሲሞከር ይሰነጣጠቃል፤ ጥሬው ፋይል ግን የቅርጹን መስመር አውጥቶ ያሳያል።

ይህ ጥቅም ዋጋ አለው። ያው ምስል በሦስት መሠረታዊ ቀለማት፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ባይት ሲከፈት በሚሞሪ ውስጥ 144 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። አምስት ንብርብር ከተሠራበት 720 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የቀደመውን እርምጃ ለመመለስ የሚቀመጠው ቅጂ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። እንግዲህ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ኮምፒዩተር፣ ከዚያ ላይ ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ፣ በሁለትና በሦስት ምስሎች መጨናነቅ ይጀምራል። ሚሞሪው ሲሞላ ሥራው ወደ ዲስኩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የፈለገውን ያህል ፈጣን ፕሮሰሰር ቢኖር ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ለምስል ሥራ 16 ጊጋባይት ዝቅተኛው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎችን አቀናጅቶ የመሬት ቅርጽ ለሚያወጣ ደግሞ 32 ጊጋባይት ተገቢው ነው። ሚሞሪ በኋላ ሊጨመርበት የሚችል ሞዴል መምረጥም ብልህነት ነው፤ በብዙ ስስ ላፕቶፖች ላይ ሚሞሪው ከቦርዱ ጋር ስለሚበየድ መጨመር አይቻልም።

የምናየው በስክሪኑ ነው

ስክሪን በጨረታ ሰነዶች ላይ በብዛት «15.6 ኢንች» ተብሎ በመጠኑ ብቻ ይገለጻል። መጠን ግን ስለ ቀለም የሚነግረን ነገር የለም። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ ለብዙ ዓመታት የተለመደው 1,366 በ768 ነጥብ ያለው ስክሪን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው አንድ ሚሊዮን ያህል ነጥብ ነው። ስለዚህ ከ24 ሜጋፒክስሉ ምስል ከ23 ነጥብ አንዱን ብቻ እናያለን ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ግን የቀለሙ ነገር ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ስክሪኖች ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 6 ቢት፣ ማለትም 64 ደረጃ ብቻ ስላላቸው በእውነት የሚያወጡት 262,144 ቀለም ነው፤ 8 ቢት ያለው ስክሪን ግን ከ16 ሚሊዮን በላይ ያወጣል። በዚህ ላይ ተመልካቹ ራሱን ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲያደርግ ጥላው ይለወጣል። በደረቅ ሣርና በተራቆተ መሬት መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ በአቀማመጣችን ይወሰናል ማለት ነው!

ስለዚህ ገዢው በጽሑፍ ሊያሰፍራቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ስክሪኑ አይ.ፒ.ኤስ. የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ነጥቦቹ ከ1,920 በ1,080 አይነሡ፤ ኤስ.አር.ጂ.ቢ. የተባለውን የቀለም መለኪያ ሙሉ በሙሉ ወይም ለዚያ በተጠጋ መጠን ይሸፍን። ጥሩ ስክሪን ከፕሮሰሰር ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ለብቻው የተገዛ እንደሆነ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሲለወጥ እርሱ ይቀራል።

የመሣሪያ ምርጫ ለመጪው ትውልድ የሚተርፈውን እንደሚወስን ከታሪካችን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረውና በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ በተካፈለበት ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ግን በቀይ የተጻፈው ቅዱስ ስምም ሆነ የሐረጉ ኅብር ወደ ግራጫ ተለውጧል። የዚያ ዘመን ባለሙያዎች የነበራቸውን ተጠቅመዋል። እኛ ግን ዛሬ ቀለም የሚመዘግብ ካሜራ ይዘን ቀለም በማያሳይ ስክሪን ላይ ብንሠራ ምክንያት የለንም።

ማከማቻ፣ ኃይልና ከፍታ

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደት ስለሚቀንስ ሙቀትን የማስወገድ ዐቅሙ ይደክማል፤ ፕሮሰሰሩም ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በእጅጉ ስስ በሆነ ላፕቶፕ ውስጥ የታጨቀ ኃይለኛ ፕሮሰሰር በደጋ፣ በአቧራ መካከል የተከፈለበትን ያህል አይሠራም። የተለመደው ሃርድ ዲስክም ቢሆን የማንበቢያው ጫፍ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ ስለሆነ አምራቾች የሥራውን ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ በ3,000 ሜትር ገደማ ይወስኑታል። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን በከፍታም ሆነ በመኪና መንገጫገጭ አይቸገርም፤ ፍጥነቱም እጅግ የላቀ ነው። ለሥራ ኤስ.ኤስ.ዲ.፣ ለማቆያ ደግሞ ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስኮች መያዝ ይበጃል። ከሁለቱ አንዱ ሌላ ቤት፣ ቢቻል ሌላ ከተማ ይቀመጥ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፎቶግራፍ የለም እንደማለት ነው።

ስለ ኃይል ደግሞ እናስላ። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 200 ዋት ቢወስድ በአምስት ሰዓት ሥራ 1,000 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። 50 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ግን በዚያው ጊዜ 250 ብቻ ይበቃዋል። 100 ዋት የሆነ አንድ የሶላር ፓኔል በቀን አምስት ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ቢያገኝ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 350 ዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል። ላፕቶፑ በፀሐይ ሊሠራ ይችላል፤ ዴስክቶፑ አይችልም። መብራት በድንገት ሲጠፋም ላፕቶፑ ባትሪው ዋስ ይሆነዋል። ስለዚህ በወረዳና በመስክ ለሚሠራ ሰው ላፕቶፕ ከተጨማሪ ጥሩ ስክሪን ጋር፤ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ላለ ቤተ ሙከራ ደግሞ በቀላሉ የሚጠገንና የሚያድግ ዴስክቶፕ ከዩ.ፒ.ኤስ. ጋር ይመረጣል።

ፕሮሰሰርስ ከንቱ ነውን?

አይደለም። ምስሎችን አዛምዶ የመሬት ቅርጽ የሚያወጣ ሰው ፈጣን ፕሮሰሰርና ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ያሻዋል። ግን ይህ ከላይ የተዘረዘሩት ከተሟሉ በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ የሚታሰብ ነው። ኪሱ የጠበበ ተማሪ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ቢገዛ አያፍርም። ነገር ግን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለውን ስለሚጠይቅ ትውልዱን ማየት ይገባዋል። ያረጀ ስድስተኛ ትውልድ «አይ 7» ከአዲሱ «አይ 5» በብዙ ሊያንስ እንደሚችልም ያስተውል። ጂምፕና ዳርክቴብልን የመሳሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ስላሉ ለሶፍትዌር የሚወጣው ገንዘብ ለሚሞሪና ለስክሪን ሊውል ይችላል።

«ዛሬ ስልክ ሁሉን ይሠራል፤ ኮምፒዩተር ለምን?» የሚሉም አሉ። ስልክ ለማንሣት መልካም ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ስልኮች ሳንጠይቃቸው ሰማዩን ያሰምራሉ፣ ሣሩን ያለመልማሉ። ለሠርግ ፎቶ ይህ ደስ ያሰኛል፤ ተራራው አገገመ ወይስ አላገገመም ለሚል ሰው ግን ማስረጃን እንደማበላሸት ነው። ጥሬ ፋይል የሚሰጥ ስልክ ያለው ሰው በጥሬው ያንሣ፤ ዋናውን ሳይነካ ቅጂውን በሚታመን ስክሪን ላይ ይመልከት።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ከዋግ ኽምራና ከመሰል አካባቢዎች የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት አገራችሁ ስትገቡ በሰፈራችሁ ካለው ተራራ ፊት አንድ የማይነቃነቅ ድንጋይ ምረጡና በየዓመቱ ከዚያው ላይ፣ በያዝነው ወርና ሰዓት አንሡ። በመስከረም የተነሣን ልምላሜ ከሚያዝያ ድርቀት ጋር ማነጻጸር አያዋጣምና ወቅቱን ጠብቁ። ኮምፒዩተር የሚገዙ ፋኩልቲዎችና ጽሕፈት ቤቶችም የዕቃ ዝርዝር ሲያወጡ ከፕሮሰሰሩ ስም በፊት የስክሪኑን ዓይነት፣ የሚሞሪውን መጠንና የማቆያ ዲስኩን ብዛት ይጻፉ። ይህ ሳይጻፍ የሚወጣ ጨረታ ርካሹን ስክሪን ይዞ የቀረበውን ተጫራች አሸናፊ ያደርጋል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው ምስሎቹ ለንጽጽር በሚፈለጉበት ዓመት ይሆናል። የ1868ቱ ፎቶግራፎች ለ140 ዓመት ቆይተው ለጥያቄያችን መልስ ሰጥተዋል። ዛሬ የምናነሣቸው እስከ ነገ እንዲደርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን ያለው ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ነው።