ካፒቴን ማጅድ ምን አለ?

ባለፈው ሰሞን ከጅማ ወደ አጋሮ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሲከራከሩ ሰማሁ። ክርክሩ የደመወዝ ወይም የቡና ዋጋ አልነበረም። «እኛ ያደግንበትን የመሰለ የልጆች ፊልም ዛሬ የለም» ይላል አንዱ። «ፊልሙስ ሞልቷል፤ ያረጀኸው አንተ ነህ» ይለዋል ሁለተኛው። መንገዱን ሁሉ ሲሟገቱ ሄደው አጋሮ ስንደርስ ሳይታረቁ ወረዱ። እኔም ማንም ያልሾመኝ ዳኛ ሆኜ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ።

መቼም ሁሉም ያደገበትን ያመሰግናል። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለ42 ዓመታት ያህል ተስፋዬ ሣህሉ፥ ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፥ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖሩ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ በፊታቸው ተቀምጠው ያደጉት ልጆች ራሳቸው ልጅ አድርሰው ነበር። ለእኔ ዕድሜ እኩዮች ደግሞ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ያዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነበረ። ፀሐይ የተባለችው የቀጭኔ አሻንጉሊት እጅ መታጠብንም ፊደልንም ታስተምረን ነበር።

እኛ የቡና አገር ልጆች ግን ከዚህ ሌላ አንድ ትምህርት ቤት ነበረን፤ እርሱም ዲሽ ነው። ቡና ጥሩ ዋጋ ባወጣበት ዓመት አንዱ ነጋዴ ጣራው ላይ ዲሽ ይተክላል፤ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ያን ቀን የእርሱ ልጅ ይሆናል። በእኛ ሠፈር ባለ ዲሿ አንዲት ደግ እናት ነበሩ። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፤ «እግራችሁን ታጥባችሁ ግቡ!» የአገራችንን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ አይፈርድባቸውም። ከበራፋቸው አንድ ጀሪካን ውኃ ይቀመጣል፤ ሃያ እግር በዚያ ይታጠባል፤ ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ላይ ተደርድረን ዐረቦቹ የሚያሳዩትን እናያለን።

ቶምና ጄሪ ሲመጣ ችግር አልነበረም። ዊልያም ሐና እና ጆሴፍ ባርቤራ ድመቱንና አይጡን የፈጠሩት በ1932 ዓ.ም.፥ ጅማ ገና በጣሊያን እጅ ሳለች ነው። ሁለቱ ሲባረሩ እንጂ ሲነጋገሩ እምብዛም ስለማይታይ ኦሮሞውም፥ አማራውም፥ ዳውሮውም፥ የሙም እኩል ይስቅ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ከካፒቴን ማጅድ ጋር ነው። ይህ ኳስ ተጫዋች በትውልዱ ጃፓናዊ ነው፤ ዐረቦቹ ስሙን ለውጠው በዐረብኛ አናገሩት። ወደ ጎል ሲሮጥ የሜዳው ርዝመት ከአጋሮ እስከ ጅማ ይመስላል፤ በዚያ ሁሉ ሩጫ መካከል ደግሞ ይናገራል።

«ምን አለ?» እንላለን በአንድ ድምፅ።

ከመካከላችን ቁርአን የሚቀራ አንድ ልጅ ነበረ። እርሱ ወደ አፋን ኦሮሞ ይተረጉማል፤ ከአጠገቡ ያለው ወደ አማርኛ ይመልሳል። ቡና እየቆሉ ከወዲያ የተቀመጡት አሮጊት ደግሞ «እና ታዲያ አስታረቋቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ለእርሳቸው ጨዋታው ሁሉ ጠብ ነበር። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲጠፋም ክርክሩ አያልቅም፤ እስከ ማግሥቱ ትምህርት ቤት ድረስ አብሮን ይሄዳል።

ይህ ፍቅር በነጻ አልተገኘም። አንድ የጥቅምት ቀን የተሰጣውን ቡና ከዶሮና ከዝናብ እንድጠብቅ ታዝዤ ሳለ ካፒቴን ማጅድ ቅጣት ምት ሊመታ ነው ሲሉ ሰማሁና ሮጥሁ። ኳሱ ገና በአየር ላይ ሳለ ዝናቡ ወረደ። ሲደርቅ የረጠበ ቡና እንደሚሻግትና ዋጋው እንደሚወድቅ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቴ ቀበቶ ነው። ጎሉ ይግባ አይግባ ግን የነገረኝ ያው አስተርጓሚያችን ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። በቅርቡ ተገናኝተን ነገሩን ሳነሣበት ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ፊደሉን ነው እንጂ ትርጉሙን መች ዐውቅ ነበር! ሁሉንም ከልቤ ነው የፈጠርሁት» አለኝ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ስንወደው የኖርነው የጃፓኑን ድርሰት ሳይሆን የጓደኛችንን ኖሯል!

በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደ ተባለው ሥርጭት መዛወር ጀመሩ። የብዙው ሰው ዲሽ ፊቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ ካፒቴን ማጅድም በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሠፈራችን ወጣ። ወዲያው ስልኩ በየእጁ ገባ። አሁን ልጁ የፈለገውን፥ በፈለገው ሰዓት፥ በገዛ ቋንቋው ያያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ በሰው ቋንቋ ላደግነው ቢያስቀናን እንጂ የሚያስከፋን አይደለም። ደግሞስ ባለ ዲሿ ጎረቤት ያላገኘው፥ ቤቱ ከከተማ ርቆ ከቡናው ጫካ ውስጥ የነበረው ልጅ፥ የእኛ ወርቃማ ዘመን መች ደርሶት ያውቃል?

ነገር ግን አንድ ቀን ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ትናንት ማታ ምን አያችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሃምሳ ተማሪ ሃምሳ መልስ ሰጠኝ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሊጨርስለት አልቻለም፤ የሚከራከርም አልተገኘ። ያን ጊዜ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ተከራካሪ እውነት አለው ልል ምንም አልቀረኝም።

ልል ስል አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። ማታ ማታ በስልክ በአፋን ኦሮሞ ተረት እንደምታይ፥ አያቷ ቡና ሲቆሉም ቁጭ ብላ እንደምትነግራቸው አጫወተችን። «አያቴ ዐይናቸው ደክሟል፤ ‹ከዚያስ?› ይሉኛል። ያልገባኝ ቦታ ላይ ስደርስ ከራሴ እጨምራለሁ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ አንዱ «ከዚያስ?» አላት፤ እርሷም ቀጠለች። ሃምሳ ልጅ ዝም ብሎ ሰማ። ያን ዕለት የታቀደው ትምህርት ሳይሰጥ ደወል ተደወለ፤ እኔም አልተቆጨሁም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች ስለ ፊልሙ ተሟገቱ እንጂ ስለ ምንጣፉ አላነሡም። የናፈቀን አጠገባችን የነበረው ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ማታ ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታናሽ ወንድምህ ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ታገኘው ይሆናል። ስልኩን አትንጠቀው፤ ስለ ድሮ ዘመንም አትስበክለት። እግርህን ታጠብና አጠገቡ ተቀመጥ። ከዚያ «ምን አለ?» ብለህ ጠይቀው። በትክክል ባይተረጉምልህም ግድ የለም።